የሳሳ የ38 ስፔሻል ጥይትና ቱቦ ውስጥ የቀረ አረር፦ ለካውቦይ ኢላማ ተኳሽ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኔቫዳ ነው። በካውቦይ ስልት የኢላማ ውድድር እሳተፋለሁ። ለሁለቱ ሪቮልቨሮቼና ለ1873 ሞዴል ጠመንጃዬ የ38 ስፔሻል ጥይት ቤቴ እሞላለሁ። ርግጫው እንዲቀንስ ባሩዱን አሳንሼዋለሁ። አሁን አንዳንዱ ጥይት ድምፁ ይሳሳል፣ ቀለሁም በጥላሸት ይጠቁራል። ባለፈው ውድድር ደግሞ አንድ አረር ሪቮልቨሩ ቱቦ ውስጥ ቀረ። ትንሽ ባሩድ ብጨምር ይስተካከላል? ከዚያው ቀን የተሞሉ 300 ያህል ጥይቶች ቀርተውኛል፤ እነሱንስ ምን ላድርጋቸው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ 300ዎቹን አይተኩሷቸው። አንዱ ቱቦ ውስጥ ከቀረ፣ ከዚያው ቀን ሥራ ውስጥ ሌላም አለ ብሎ መነሳት ግድ ነው። ቱቦ ውስጥ በቀረ አረር ላይ ሁለተኛ ጥይት ከተተኮሰ ቱቦው ያብጣል ወይም ይቀደዳል። በካውቦይ ውድድር ፍጥነት መዶሻውን እንደገና ስቦ ምላጩን ለመጫን የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ሙሉ ጥይቶቹን በመዶሻ ቅርጽ የተሠራው ማላቀቂያ ወይም ፕሬስ ላይ (የጥይት መሙያው ማሽን ላይ) የሚገጠመው አረር መንቀያ ይፈታቸዋል። አረሩና ለኳሹ (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቁራጭ) ያለበት ቀለህ ተመልሰው ያገለግላሉ። የወጣው ባሩድ ግን ወደ ቆርቆሮው አይመለስ።

ብዙ ሰው «መዝኜ እለያቸዋለሁ» ይላል። በዚህ መንገድ አይለዩም። የተለያየ ፋብሪካ ቀለህ ብቻ እርስ በርሱ በበርካታ ግሬይን (ባሩድና አረር የሚመዘንበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) ይለያያል፤ የአረሩም ክብደት ልዩነት ይጨመርበታል። በ38 ስፔሻል ውስጥ ያለው ቀላል የባሩድ መጠን ደግሞ ራሱ ጥቂት ግሬይን ነው። ባሩድ የሌለው ጥይት ከባድ ቀለህ ላይ ከተሞላ፣ ሚዛን ላይ ባሩድ ካለው ጥይት ጋር እኩል ሊመጣ ይችላል። ነቅንቆ ማዳመጥም እንዲሁ አያስተማምንም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። «ልጨምር?» ከማለት በፊት ሁለት የተለያዩ ችግሮች መለየት አለባቸው። አንደኛው ባሩድ ኖሮ ደካማ መቃጠል ነው፤ ሁለተኛው ጭራሹን ባሩድ አለመግባት ነው። ሁለቱም የሳሳ ድምፅ ይሰጣሉ፣ መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። የሚለየው ቀለሁንና ቱቦውን በማየት ነው። አረሩ በቀረበት ቱቦ ወይም በባዶው ቀለህ ውስጥ ያልተቃጠሉ ወይም ግማሽ የተቃጠሉ ቅንጣቶች ተበትነው ካሉ ባሩድ ነበረ፣ አልነደደም። ከጥቁር ጥላሸት በቀር አንድም ቅንጣት ከሌለ ባሩድ አልገባም። የለኳሹ ጉልበት ብቻውን አረሩን ከቀለሁ አውጥቶ ቱቦ ውስጥ ለመሸጎጥ ይበቃል። ጥያቄዎ ላይ ሁለቱም ምልክቶች ስላሉ፣ ድምፁ የሚሳሳውና ቀለሁ የሚጠቁረው ከመጀመሪያው ችግር፣ ቱቦ ውስጥ የቀረው ግን ከሁለተኛው የመጣ ይመስለኛል። ባሩድ መጨመር ሁለተኛውን በፍጹም አያስተካክልም።

ደካማው ቃጠሎ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የቀለሁን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። 38 ስፔሻል በ1898 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሲወጣ የታሰበው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ቀለሁም የተሠራው ያን ብዙ ቦታ የሚይዝ ባሩድ እንዲሞላው ነው። ዛሬ ጭስ አልባው ፈጣን ባሩድ ከቀለሁ ትንሽ ክፍል ብቻ ይይዛል፤ የቀረው አየር ነው። ስለዚህ ባሩዱ በቀለሁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከአፎት ሲመዘዝ አፈሙዙ ወደ መሬት ያመለከተ ስለሆነ ባሩዱ ወደ አረሩ በኩል ይሰበሰባል፣ ከለኳሹ ይርቃል፤ ያኔ ግፊቱ ይወርዳል፣ ድምፁም ይሳሳል። አፈሙዙን ሽቅብ ካነሱ በኋላ ኢላማ ላይ ቢያወርዱት ደግሞ ባሩዱ ለኳሹ አጠገብ ስለሚተኛ ያው ጥይት ይበረታል። በፋብሪካ መነሻ መጠን ላይ ይህ ልዩነት ይቻላል፤ ከዚያ በታች ሲወርዱ ግን የቀረው ህዳግ ያልቃል።

ይህን ከ300ዎቹ ሳይሆን አዲስ በሞሉት ጥይት ላይ መፈተን ይችላሉ። ክሮኖግራፍ የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ተኩስ ሜዳ ላይ ያስቀምጡና አምስት ጥይት አፈሙዙን ወደ ታች ካዘነበሉ በኋላ ቀስ ብለው ቀና አድርገው ይተኩሱ፤ አምስት ደግሞ በተፈቀደው አቅጣጫ ሽቅብ ካነሱ በኋላ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ኢላማው ላይ ቀዳዳ ወይም ምት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ ያቁሙ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ የባሩዱ ዓይነት ለዚህ ሥራ አይመችም ማለት ነው። ያኔ ትክክለኛው እርምጃ ያንኑ ባሩድ በግምት መጨመር አይደለም። ቀለሁን የበለጠ የሚሞላ፣ አምራቹ ለቀላል የካውቦይ ጥይት መጠን ያወጣለት ባሩድ መምረጥ ነው። ብዙ ቦታ የሚይዝ ባሩድ ሌላም ጥቅም አለው፤ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢፈስ ቀለሁን ይሞላል ወይም ይተርፋል፣ ዓይን ያየዋል። ጥቂት ቦታ የሚይዘው ባሩድ ግን ሁለት እጥፍ ገብቶም አረሩ ሥር ይደበቃል፤ እሱ ሽጉጥ የሚያፈነዳ ስህተት ነው።

መጠኑን ከእኔም ሆነ ከሌላ ተኳሽ አይውሰዱ። የባሩዱ ወይም የአረሩ አምራች ያሳተመው መመሪያ ላይ፣ ለዚያው ባሩድ፣ ለዚያው አረር ክብደትና ዓይነት፣ ለዚያው ቀለህ የተጻፈውን መነሻና ጣሪያ ይያዙ። በ357 ማግነም ቀለህ ውስጥ የ38 ስፔሻልን መጠን ማፍሰስ የተለመደ ጥፋት ነው። የ38ቱ ቀለህ ርዝመት 1.155 ኢንች፣ የ357ቱ 1.290 ኢንች ነው፤ ያ ተጨማሪ ባዶ ቦታ የተናገርነውን ችግር ያባብሰዋል።

ርግጫ መቀነስ ራሱ ወሰን አለው። የካውቦይ ውድድርን በሚመራው በሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ ሕግ የአረሩ ክብደት በግሬይን በፍጥነቱ፣ ማለትም በፉት በሰከንድ፣ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል ከ60 ማነስ የለበትም፤ ፍጥነቱም ከ400 መውረድ የለበትም። የፍጥነቱ ጣሪያ ለሪቮልቨር 1000፣ ለጠመንጃ 1400 ነው። ሒሳቡን እንሥራው፦ 105 ግሬይን አረር በ600 ሲሄድ 63 ይሆናል፣ ያልፋል። በ550 ሲሄድ 57.75 ነው፣ ይወድቃል። 125 ግሬይን በ500 ሲሄድ 62.5፣ 158 ግሬይን ደግሞ በ400 ሲሄድ 63.2 ነው። የሕጉ ወለል ግን የደኅንነት ወለል አይደለም። ወለሉ ላይ አማካይ ያለው ጥይት ግማሹ ከወለሉ በታች ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። እኔ የምመክረው ከጥይቶቹ ሁሉ ደካማው እንኳ ከ60 በላይ እንዲቆም ነው። ርግጫ ለመቀነስ ከባሩድ ማሳነስ ይልቅ መጀመሪያ ቀለል ያለ አረር መምረጥ ይሻላል፤ መጠኑም ለዚያ አረር ከታተመው ሠንጠረዥ ይወሰድ።

ጥላሸቱ ብቻውን አያስፈራ። ቀለህ ሲተኮስ ተወጥሮ ጥይቱ ከሚገባበት የመሣሪያው ክፍል ግድግዳ ጋር መጣበቅና ጋዙን ማገድ አለበት። ግፊቱ ሲያንስ በቂ ስለማይወጠር ጋዙ በጎኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቀለሁ ይጠቁራል፣ በጠመንጃው መካኒክ ውስጥም ቆሻሻ ይከማቻል። ወደ ታተመው መነሻ መጠን ሲመለሱና የቀለሁ አፍ አረሩን የሚይዝበትን ጥብቀት ሲያስተካክሉ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል።

ስለ አፉ ጥብቀት ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ሰው ችላ የሚለው ነገር ይህ ነው። ባሩዱ በደንብ እንዲነድ አረሩ ለጥቂት ቅጽበት መቃወም አለበት። አፉን የሚያሰፋው ዳይ (ፕሬሱ ላይ የሚገጠም መሣሪያ) ከልክ በላይ ከከፈተው፣ ወይም የቀለሁ ግድግዳ ቀጭን ከሆነ፣ አረሩ ባሩዱ ገና ሳይነድ ይሸሻል። የአረሩ ውፍረት 0.358 ኢንች መሆኑን በካሊፐር ይለኩ። አፉን የሚያሰፉት አረሩ እርሳሱ ሳይፋቅ እንዲቀመጥ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ አፉ በአረሩ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ በሚታይ መልኩ ወደ ውስጥ ይጠቀለል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ባሩድና ለኳሽ የሌለው ጥይት ይሥሩ፣ ርዝመቱን ይለኩ፣ አረሩን ጠረጴዛ ላይ በአውራ ጣት ኃይል ጥብቅ አድርገው ይጫኑት፣ እንደገና ይለኩ። ካጠረ ጥብቀቱ አልበቃም። ይህ ለጠመንጃው የበለጠ ያስፈልጋል፤ ቱቦ ካርታ (ጥይቶቹ አንዱ ከሌላው ኋላ የሚሰለፉበት ቱቦ) ውስጥ ያለው ስፕሪንግ አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋዋልና። አረር ሲገባ የቀረው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ቀለሆችዎ ርዝመታቸው የተለያየ ከሆነ ደግሞ ረጅሙ ከልክ በላይ ይጠቀለላል፣ አጭሩ አይነካም፤ ቢያንስ በፋብሪካ ምልክታቸው ለይተው ይሙሉ።

ሌላው ምንጭ ሽጉጡ ራሱ ሊሆን ይችላል። ካውቦይ ተኳሾች መዶሻው በቀላሉ እንዲሳብ ስፕሪንጉን ያሳሳሉ። የሳሳ ስፕሪንግ ለኳሹን በሙሉ ጉልበት አይመታም፤ አንዳንዴ አይተኩስም፣ አንዳንዴ ይተኩስና እሳቱ ደካማ ይሆናል። እንዲህ ላለ ሽጉጥ ብዙዎች የሚመርጡት የፌዴራልን ለኳሽ ነው፤ ከገበያው ለስላሳ በመሆኑ ይታወቃል። ለኳሹ ከቀለሁ ቂጥ ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ገባ ብሎ፣ እስከ 0.005 ኢንች ያህል፣ መቀመጥ አለበት። ጎልቶ የቀረ ለኳሽ የመጀመሪያው ምት ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ የሚተኮሰው በሁለተኛው ነው። ጣት በላዩ ላይ አሂዶ መዳሰስ ከማየት ይሻላል። ዘይት በነካ እጅ ለኳሽ አይያዝ።

አሁን ሁለተኛው ችግር፤ ባሩድ ያልገባበት። ይህ ብዙውን ጊዜ የሥራ ቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። በአንድ ጎትት ብዙ ሥራ የሚሠራው ፕሮግረሲቭ ፕሬስ ላይ ስህተቱ የሚፈጠረው ሥራው ሲቋረጥ ነው፦ ለኳሽ ይጣመማል፣ ቀለህ ይጨናነቃል፣ ሰው መያዣውን በግማሽ ይመልሳል፣ ያንን ሲያስተካክል አንዱ ቀለህ ከባሩድ መስፈሪያው ሥር ሳይቀበል ያልፋል፤ ወይም ሁለት ጊዜ ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ሕግ ይያዙ፤ ሥራው በማንኛውም ምክንያት ከቆመ፣ ፕሬሱ ላይ ያሉት ቀለሆች በሙሉ ይነሱ፣ ባሩዳቸው ይገልበጥ፣ ከመጀመሪያው ይጀመር። ስልክ ቢጠራም፣ ልጅ ቢገባም ያው ነው። መያዣው ሁልጊዜ እስከ ጫፉ ይውረድ፣ እስከ ጫፉ ይመለስ፤ ግማሽ ጉተታ መስፈሪያውን በግማሽ ይከፍተዋል።

መስፈሪያው ራሱም ያታልላል። ቅርፊት መሰል ባሩድ ቱቦው ውስጥ ድልድይ ሠርቶ ይያዛል፤ አንዱ ቀለህ ባዶ ያልፍና ቀጣዩ ድርብ ይቀበላል። ደረቅ አየር ባለበት፣ እንደ ኔቫዳ ባለ ቦታ፣ የፕላስቲኩ የኤሌክትሪክ ሙላት ቅንጣቶቹን ግድግዳው ላይ ያጣብቃቸዋል። የባሩዱ ዕቃ ከሲሶ በታች እንዳይወርድ ይሙሉት፣ ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹን አሥር መጠኖች ወደ ዕቃው ይመልሱ፣ ከዚያ አሥር መጠን አንድ ላይ መዝነው ለአሥር ያካፍሉ። ይህ አማካዩን ይነግርዎታል፤ መለዋወጡን ግን ይደብቃል፣ አንዱ ቢጎድል ሌላው ቢተርፍ አማካዩ ያው ነውና። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስቱን ለየብቻም ይመዝኑ። ሚዛኑ ግሬይን ላይ መሆኑን በየጊዜው ይዩ፤ አንድ ግሬይን 0.0648 ግራም ስለሆነ መሣሪያው ወደ ግራም ቢቀየር የሚመጣው ስህተት ቀላል አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ቶሎ አይመኑ፤ ይሙቅ፣ በማረጋገጫ ክብደት ይፈተን፣ ከቬንትሌተርና ከስልክ ይራቅ።

ከሁሉም በላይ የሚያድነው ዓይን ነው። አረር ከመቀመጡ በፊት እያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ ይታይ። ፕሬሱ ላይ ቀለሁ ውስጥ በቀጥታ የሚያበራ ትንሽ መብራት ይትከሉ፣ ወንበርዎን ውስጡ እስኪታይ ድረስ ከፍ ያድርጉ። የባሩዱን ከፍታ የሚያሳውቅ ዳይም አለ፤ ጥሩ ረዳት ነው፣ በዓይን ግን አይተካም። አንድ በአንድ በሚሠራው ነጠላ ፕሬስ ከሆነ 50 ቀለህ በመደብ ላይ ይደርድሩ፣ ሁሉንም ይሙሉ፣ አረር ከመንካትዎ በፊት በመብራት አንድ ላይ ይዩዋቸው፤ ጎደሎው ወይም ድርቡ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይታያል። ከፕሮግረሲቩ ቢዘገይም፣ ችግርዎ እስኪፈታ በዚህ መንገድ ቢሠሩ እመርጣለሁ። አንድ ባሩድ ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይኑር።

ለጠመንጃዎ አንድ ተጨማሪ ነገር። የ1873 ሞዴል ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሳው ክፍል በጥይቱ ርዝመት ላይ የተመሠረተ ነው። ከረዘመ አይነሳም፣ ካጠረ የሚቀጥለው ጥይት ጫፉን አስገብቶ ያቆመዋል። የ38 ስፔሻል ከፍተኛ ርዝመት 1.550 ኢንች ነው፤ የእርስዎ ጠመንጃ የሚመርጠውን ባሩድና ለኳሽ በሌላቸው አሥር የሙከራ ጥይቶች ያግኙት። አረሩ አፍንጫው ጠፍጣፋ ይሁን፤ በቱቦ ካርታ ውስጥ የአንዱ ጫፍ በሌላው ለኳሽ ላይ ያርፋልና ሹል ጫፍ አደጋ ነው። ውድድሩ የሚፈቅደውም እርሳስ አረር ብቻ ነው።

ወደፊት ውድድር ላይ ድምፁ የሳሳ ጥይት ሲያጋጥምዎ፣ ወይም ሰዓት ያዡ «አቁም» ሲልዎ፣ ሁለተኛ አይተኩሱ። ለእያንዳንዱ ያልተመታ ኢላማ አምስት ሰከንድ ቅጣት ቢጨመር ከእጅ አይበልጥም። ጭራሹን ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጉ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ የዘገየ እሳት ሊኖር ይችላል። ሽጉጡ ሙሉ በሙሉ ከተራገፈ በኋላ ሲሊንደሩን ያውጡና ቱቦውን ከኋላ በብርሃን ይዩ። የቀረውን አረር በጥቂት ዘይት አርሰው ከቱቦው ስፋት ጋር በሚቀራረብ የነሐስ ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ወደ ኋላ ይግፉት። የእንጨት ዘንግ ይሰነጠቅና ራሱ ይሸጎጣል። አረሩ ግማሹ ሲሊንደር ውስጥ ግማሹ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ሽጉጡን ከቆለፈውና ሌሎቹ ጥይቶች ውስጡ ካሉ፣ እጅዎን አፈሙዙ ፊት አያድርጉ፤ የሜዳውን ኃላፊ ይጥሩ፣ ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ይሂድ። ከወጣ በኋላም ቱቦው ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው እብጠት አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይተኮስበት።

የሥራ ቦታውን በተመለከተ፦ እርሳስና የለኳሽ ትቢያ በአፍና በሳንባ ይገባል። ቡና በሚፈላበት፣ ሕፃን በሚድህበት ክፍል አይሙሉ፤ እየሠሩ አይብሉ፣ አያጭሱ። ቀለህ በደረቅ ማሽን ከታጠበ ትቢያው ከቤት ውጭ ይውጣ፤ በውኃ የሚያጥበው ይሻላል። ሲጨርሱ እጅዎን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ልብሱን ለብቻ ያጥቡ፣ ሐኪምዎንም የደም እርሳስ ምርመራ ይጠይቁ። ባሩድ በመጣበት ቆርቆሮ ይቀመጥ። በአሜሪካ የእሳት ደኅንነት ደንብ መኖሪያ ቤት ውስጥ በዋናው ዕቃው እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድና እስከ 10,000 ለኳሽ ነው የሚፈቀደው፤ የከተማዎ ደንብ ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል ይጠይቁ።

ሕጉንም እዚሁ ልጨምር፤ አበሻ ተኳሾች ሲሳሳቱበት አያለሁና። በአሜሪካ ለራስ መጠቀሚያ መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን ፈቃድ ግዴታ ነው፣ ለጓደኛ በዋጋ ማስተላለፍም ወደዚያው ይወስዳል። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጥይት መያዝ ራሱ ተከልክሎበታል፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ይህ አይመለከተውም። የውድድር ቦርሳዎን ለጉዞ አይጠቀሙበት። ኪሱ ሥር የተረሳች አንዲት ጥይት ወይም ቀለህ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ብዙ ጣጣ ታመጣለች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ይጠየቅባታል።

ፈትተው ከጨረሱ በኋላ አዲሱን ሥራ በ50 ይጀምሩ። ሳጥኑ ላይ ቀኑን፣ ባሩዱንና መጠኑን፣ አረሩን፣ ለኳሹን፣ የጥይቱን ርዝመት ይጻፉ። የመጀመሪያዎቹን አሥር አንድ በአንድ እየጫኑ፣ በእያንዳንዱ መሃል ኢላማው ላይ ምቱን እያዩ ይተኩሱ፤ አሥሩም ፍጥነታቸው ተቀራርቦ ሁሉም ከ60 በላይ ከቆሙ በዚያው መጠን ይቀጥሉ፣ ካልቆሙ በመመሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይውጡና እንደገና በአሥር ይፈትኑ።